የግዢ ሲስተሙ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ግን ስንት ሰው እጅ ነው?

ኢሜይሉ የመጣው ለዓመታት አብሮን ከሠራ አቅራቢ ነው። እንደዚያ መስሎን ነበር። አርማው ትክክል፣ የላኪዋ ስም ትክክል፣ የግዢ ትዕዛዙ ቁጥር ሳይቀር ትክክል። «ባንክ ቀይረናል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ክፍያችን በሚከተለው ሂሳብ ይግባልን» ይላል። የግዢ ባለሙያው የአቅራቢውን መዝገብ ከፈተ። የድሮውን ቁጥር አጠፋ፣ አዲሱን ለጠፈ፣ ሴቭ አደረገ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከስድስት ሳምንት በኋላ እውነተኛው አቅራቢ ደወለ። «ገንዘባችን የት ደረሰ?»

የአይቲ ክፍሉ ያን ቀን ሰርቨር ሲፈትሽ አደረ። ምንም የለም። ማንም ፓስወርድ አልሰበረም። ፋየርዎሉም ሥራውን ሠርቷል። ገንዘቡ የወጣው በዋናው በር ነው፣ ያውም ፈቃድ ባለው ሰው እጅ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ግዢ ሲስተም ደህንነት ሲወራ ስለ ኢንክሪፕሽን (መረጃን በኮድ ስለ መቆለፍ) አልጠይቅም። መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚህ ቤት የአቅራቢ የባንክ ሂሳብ ለመቀየር ምን ያስፈልጋል?» ብዬ ነው። መልሱ «ኢሜይል ይበቃል» ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆየን።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ከ2013 እስከ 2015 አንድ የሊትዌኒያ ሰው ራሱን የታወቀ የታይዋን ኮምፒውተር አምራች አስመስሎ ለጎግልና ለፌስቡክ የሐሰት ኢንቮይስ ሲልክ ቆየ። ሁለቱ በድምሩ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉት። በ2019 አምስት ዓመት ተፈረደበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንደሚለው በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት የኢሜይል ማጭበርበር ሪፖርት የተደረገለት ኪሳራ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ።

ደረጃ 1፦ ማን ምን መንካት እንደሚችል ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ሶፍትዌር አትግዙ ገና። አንድ ወረቀት ውሰዱና ሰባት ነገሮችን ጻፉ፦ አዲስ አቅራቢ መመዝገብ፣ የአቅራቢ መረጃ መቀየር፣ ግዢ መጠየቅ፣ ግዢ ማጽደቅ፣ የጨረታ ሰነድ መክፈት፣ ዕቃ መረከብ፣ ክፍያ ማጽደቅ። ከእያንዳንዱ ጎን ያንን ማድረግ የሚችለውን ሰው ሁሉ ስም ጻፉ። ማድረግ «ያለበትን» ሰው ስም አይደለም። ሲስተሙ የሚፈቅድለትን ነው።

ስሞቹን ከሰው አትጠይቁ። ከሲስተሙ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር አውጡና ከሰው ኃይል ክፍል የሠራተኞች ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ይህን ሳደርግ ሁልጊዜ የማገኛቸው አራት ዓይነት እንግዶች አሉ። ሥራ ከለቀቀ ዓመት ያለፈው ሰው። «ቴስት1» የሚባል፣ ሲስተሙ ሲተከል ተከፍቶ የተረሳ አካውንት። ስድስት ሰው በአንድ ፓስወርድ የሚገባበት «ግዢ» የሚል የጋራ አካውንት። እና ሲስተሙን የተከለው ኩባንያ ቴክኒሻን፣ ከነሙሉ የአድሚን ሥልጣኑ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዛሬውኑ ዝጉ። አትሰርዟቸው፣ ዝጓቸው፤ ከሰረዛችሁት የሠራው ሥራ ታሪክም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የጋራውን ለስድስት ክፈሉት። የቴክኒሻኑ ሲጠራ ብቻ የሚከፈት፣ ሥራው ሲያልቅ የሚዘጋ ይሁን።

አቅራቢዎችንም አትርሱ። እነሱም ወደ ሲስተሙ ይገባሉ፦ ኢንቮይስ ይጭናሉ፣ ውል ይልካሉ። በ2013 የአሜሪካው የችርቻሮ መደብር ታርጌት ሲጠቃ ሌቦቹ መንገድ የጀመሩት የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራለት አንድ አነስተኛ ድርጅት በሰረቁት መግቢያ ነው። ያ ድርጅት ከታርጌት ጋር የተገናኘው ለኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ፣ ለውል ማስገቢያና ለፕሮጀክት ክትትል ብቻ ነበር። ከዚያች ጠባብ በር ተነስተው 40 ሚሊዮን የክፍያ ካርድ ቁጥር ጋ ደረሱ። ስለዚህ የአቅራቢዎች መግቢያ ገጽ ከውስጥ ኔትወርካችሁ ተለይቶ የተቀመጠ መሆኑን አይቲውን ጠይቁ። «አዎ» ብቻ ካላችሁ በሥዕል እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ደረጃ 2፦ የባንክ ሂሳብ ለውጥን አክብዱት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያላችሁ እንደሆነ ይህችን ሥሩ።

የለውጥ ጥያቄ በኢሜይል፣ በስልክም ሆነ በመልዕክት አይስተናገድ። አቅራቢው ራሱ በመግቢያ ገጹ ገብቶ ያስገባው፣ ወይም የተፈረመ ደብዳቤ ያምጣ። ያስገባው ለውጥ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም። «በመጠባበቅ ላይ» ሆኖ ይቆያል።

ከዚያ ስልክ ይደወላል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። የሚደወለው ጥያቄው ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም። ውሉ ሲፈረም በነበረው ቁጥር ነው። የሲስተሙን መዝገብም እንዲሁ አትመኑ። ጎበዝ ሌባ ይቸኩላል እንዴ? መጀመሪያ «ስልካችን ተቀይሯል» የሚል ምንም የማያስጠረጥር ጥያቄ ይልካል። ወር ጠብቆ የባንኩን ያስከትላል። እናንተ ደውላችሁ ታረጋግጣላችሁ፤ ስልኩን የሚያነሳው ግን ራሱ ነው። በመሆኑም ላለፉት ሦስት ወራት ስልኩ ወይም ኢሜይሉ የተቀየረበት አቅራቢ የባንክ ለውጥ ሲጠይቅ ጉዳዩ ለኃላፊ ይመራ።

ስልኩ ላይ የሚባለውም ቁም ነገር ነው። «ሂሳብ ቀይራችኋል አይደል? በ4471 የሚያልቀው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «አዎ» ነው፤ ሥራ የበዛበት ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። «የአዲሱን ሂሳብ የመጨረሻ ስድስት ቁጥሮች ይንገሩኝ» በሉ። ሰውየው ይንገራችሁ፣ እናንተ አመሳክሩ። እነሱ ሲደውሉላችሁም አትቀበሉ። ዛሬ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር መኮረጅ ቀላል ሆኗል። «አመሰግናለሁ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ መዝጋት ነውር አይደለም።

ቀጥሎ ሁለተኛ ሰው ያጸድቃል። ስክሪኑ ላይ የድሮውና የአዲሱ ሂሳብ ጎን ለጎን መታየት አለበት። ስንቱ ሲስተም ለአጽዳቂው የሚያሳየው «የአቅራቢ መረጃ ተስተካክሏል፣ ያጽድቁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው! ሰው ያላየውን ነገር አጸደቀ አይባልም። ጣቱን አሳረፈ እንጂ።

ሲጸድቅ ሲስተሙ ለአቅራቢው የድሮ አድራሻዎች ሁሉ ማሳወቂያ ይላክ። ለአዲሱ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክፍያ ጥቂት የሥራ ቀናት ይዘግይ። አቅራቢዎች ያጉረመርማሉ። ቀድማችሁ ውሉ ላይ ካስገባችሁት ግን ማንም አይጣላችሁም።

«ለሙከራ ትንሽ ገንዘብ እንላክና እንይ» የሚሉ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ያ ክፍያ የሚነግራችሁ ሂሳቡ መኖሩን ነው፤ የማን መሆኑን አይደለም። የሌባም ሂሳብ ገንዘብ ይቀበላል። የሚጠቅመው አቅራቢው በምታውቁት ስልክ «ይህን ያህል ገብቶልኛል» ብሎ መጠኑን በትክክል ከነገራችሁ ብቻ ነው።

የላኪውን አድራሻ ስታዩ ፊደል በፊደል አንብቡት። በላቲን ፊደል አር እና ኤን ተጠጋግተው ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ። ትንሿ ኤል ከቁጥር 1 አትለይም። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ነው። ሌላው ወጥመድ አድራሻው በእርግጥም የአቅራቢው ሲሆን ነው፤ የእነሱ የኢሜይል ሳጥን ተሰብሮ ሌባው ከውስጥ ሆኖ ይጽፋል። ያኔ ፊደል መቁጠር አያድንም። የሚያድነው ስልኩ ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ሰው ከጥያቄ እስከ ክፍያ ብቻውን እንዳይሄድ

መርሁን ሁሉም ያውቀዋል፤ የጠየቀ አያጸድቅም፣ ያዘዘ አይረከብም፣ አቅራቢ የመዘገበ ክፍያ አያጸድቅም። ችግሩ ያለው ሲስተሙ ውስጥ ነው። ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር አዲስ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ የድሮውን የሚነሳው የለም። አምስት ዓመት የሠራ ሰው አምስት ቁልፍ ይዞ ይዞራል። በደረጃ 1 የሠራችሁትን ወረቀት አውጡና ስማቸው ከአንድ ቦታ በላይ የተጻፈውን አስምሩባቸው።

ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ቢሮስ? ሁሉን መለየት አይቻልም፣ አትጨነቁ። ሁለት ነገር ግን አትልቀቁ፦ የአቅራቢ መረጃ መቀየርና ክፍያ ማጽደቅ በአንድ እጅ አይግቡ። የቀረውን ከግዢው ውጭ ያለ ሰው በየወሩ መጨረሻ ይየው።

የፈረቃና የዓመት እረፍት ነገርም አለ። ኃላፊው እረፍት ሲወጣ «ፓስወርዴ ይኸውልህ» ብሎ ይሄዳል። ክፋት የለበትም፣ ሥራው እንዳይቆም ነው። ሲስተሙ የውክልና አማራጭ ካለው አስተምሯቸው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ለዚህ ሰው፣ እስከዚህ የገንዘብ መጠን። ቀኑ ሲያልፍ ራሱ ይዘጋል።

ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ሲስተሙ ሦስት ሰነዶችን ያመሳክር፦ የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና ኢንቮይሱን። ብዛትና ዋጋ ካልገጠመ ይቁም። ለትንንሽ ልዩነት የሚፈቀድ ገደብ ይኖራል፤ ያ ገደብ ስንት እንደሆነ እዩ። አንድ ቦታ በመቶኛ ብቻ ተቀምጦ አይቻለሁ። ትልቅ ግዢ ላይ ሁለት በመቶ ማለት የሰው የዓመት ደሞዝ ነው።

ደረጃ 4፦ መግቢያውን አጥብቁ

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለሁሉም ይሁን፤ ለሠራተኛም ለአቅራቢም። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ግን ሲም ካርድ በማጭበርበር ሊወሰድ ይችላል፣ ኮዱም በሐሰተኛ ገጽ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ክፍያ ለሚያጸድቁና ለአድሚኖች ፓስኪ (በፓስወርድ ፋንታ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጥ መግቢያ ቁልፍ) ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ የደህንነት ቁልፍ ስጧቸው። እነዚህ በሐሰተኛ ገጽ ላይ አይሠሩም፤ ሰው ቢሸወድ እንኳ ቁልፉ አይሸወድም።

ፓስወርድ በየሦስት ወሩ ማስቀየር ግን ይብቃ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ራሱ፣ ፓስወርዱ ሾልኳል የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ በየጊዜው አታስቀይሩ ይላል። ለምን? ሰው የድሮው መጨረሻ ላይ 1 የነበረውን 2 ያደርገዋል፣ ከዚያ ኪቦርዱ ሥር ይለጥፈዋል። ረጅም ይሁን፣ ሌላ ቦታ ያልተሠራበት ይሁን፣ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ጨረታው እስኪከፈት በእርግጥ የታሸገ ይሁን

የወረቀት ጨረታ ላይ ፖስታው በሰም ይታሸግ ነበር። የተነካ እንደሆነ ያስታውቃል። በኤሌክትሮኒክ ጨረታ ላይ «ታሽጓል» የሚለው ብዙ ጊዜ ቁልፉን መደበቅ ብቻ ነው። የጨረታ ኮሚቴው ፋይሉን ማየት አይችልም፤ የዳታቤዝ አድሚኑ ግን ይችላል። እንግዲህ ለሲስተም ሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከመክፈቻው ሰዓት በፊት የተወዳዳሪን ዋጋ ማየት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አለ ወይ?» መልሱ በማቅማማት ከጀመረ አለ ማለት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ሰነዱ ገና ከተወዳዳሪው ኮምፒውተር ሳይወጣ መቆለፉ ነው። መክፈቻውም በአንድ ሰው እጅ አይሆንም። አዲ ሻሚር በ1979 ባሳተመው ዘዴ አንድን ሚስጥር ለአምስት ሰው ከፋፍሎ ማንኛቸውም ሦስቱ ሲገናኙ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ ቢመሳጠሩ ምንም አያገኙም። ሁለቱ ቢታመሙ ደግሞ ሥራው አይቆምም። እውነተኛው ጨረታ ከመምጣቱ በፊት ግን በባዶ ፋይል ሞክሩት። በመክፈቻው ቀን፣ ተወዳዳሪዎች ቁጭ ብለው፣ «ቁልፌን ኮምፒውተር ስቀይር አጠፋሁት» የሚል ሰው እንዳይገጥማችሁ።

ተወዳዳሪው ሰነዱን ሲያስገባ ሲስተሙ ደረሰኝ ይስጠው፤ ሰዓቱን እና የፋይሉን ሃሽ የያዘ። ሃሽ ማለት የፋይሉ አሻራ ነው። ሻ-256 በሚባለው ዘዴ ከተሠራ በ64 ፊደልና ቁጥር ይጻፋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ያችን መስመር ከያዘ «ዋጋዬን ነክታችሁታል» ወይም «አልነካንም» የሚለው ክርክር በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። የመዝጊያውን ሰዓት የሚወስነው የሰርቨሩ ሰዓት ነው፤ እሱ ራሱ ከታመነ ምንጭ ጋር የተስተካከለ ይሁን፣ ገጹም ላይ ለሁሉም ይታይ። በመጨረሻዋ ሰዓት ሲስተሙ ቢጨናነቅ ወይም ሰው ሆን ብሎ ቢያጨናንቀው ምን ይደረጋል? ይህን ጨረታው ሳይወጣ ጻፉት። ከተበላሸ በኋላ የሚወሰን ውሳኔ ሁሉ ላንዱ ያደላ ይመስላል።

ብዙዎች የማያስተውሏት አንዲት ትንሽ ቀዳዳም አለች። ሲስተሙ «እስካሁን 2 ተወዳዳሪዎች» ብሎ የሚያሳይ ከሆነ ዋጋ ባይታይም ሚስጥር ወጥቷል። ብቻውን መሆኑን ያወቀ ነጋዴ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ቁጥሩን ደብቁት።

ደረጃ 6፦ ሲስተሞቹ የሚገናኙበትን ቧንቧ ተከተሉ

የግዢ ሲስተም ብቻውን አይኖርም። ከሂሳብ፣ ከመጋዘን፣ ከባንክና ከአቅራቢዎች ካታሎግ ጋር ይነጋገራል። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ አካውንትና የራሱ ቁልፍ ይኑረው፣ ለሥራው የሚበቃውን ሥልጣን ብቻ ይዞ። ካታሎግ የሚያነብ ፕሮግራም አቅራቢ መመዝገብ የሚችልበት ምክንያት የለም።

ከአቅራቢው ድረ ገጽ ዕቃ መርጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሲስተም የምትመለሱ ከሆነ፣ ተመልሶ የሚመጣው ዋጋ በቀጥታ አይታመን። ሲስተማችሁ ውሉ ላይ ካለው ዋጋ ጋር ራሱ ያመሳክር።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚዘለውን ልንገራችሁ። ክፍያዎች ከጸደቁ በኋላ ሲስተሙ ለባንክ የሚሄድ ፋይል ያዘጋጃል። ይህ ፋይል የት ይቀመጣል? ብዙ ቦታ መልሱ «የጋራ ፎልደር ውስጥ» ነው። አንድ ሰው ጠዋት መጥቶ ወደ ባንኩ ገጽ እስኪጭነው እዚያው ያድራል። ሄዳችሁ በኖትፓድ ክፈቱት። እያንዳንዱ መስመር ላይ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ መጠን አለ። አንዱን ቁጥር አጥፉና ሌላ ጻፉ። ሴቭ ይላል? እንግዲያው ከላይ የደከማችሁበት ማጽደቅ፣ ሁለተኛ ሰው፣ ስልክ፣ ሁሉ በዚህ ፋይል ላይ ተዘሏል። (መልሳችሁ ማስተካከላችሁን እንዳትረሱ፤ ሙከራውንም በፋይሉ ኮፒ ላይ፣ ለኃላፊ ተናግራችሁ አድርጉት።)

መፍትሔው ሲስተሙና ባንኩ ያለ ሰው እጅ በቀጥታ መገናኘታቸው ነው። ያ ካልተቻለ ፋይሉ ሲወጣ በዲጂታል ፊርማ ይታተም። እሱም ካልተቻለ ቢያንስ ፎልደሩን ሁለት ሰው ብቻ ይክፈተው፣ ባንኩ ላይ የሚያጸድቀውም ሰው ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ጥቂት የሂሳብ ቁጥሮችን ከሲስተሙ ጋር ያመሳክር። ድምር ብቻ ማየት ዋጋ የለውም። ሌባው መጠኑን አይነካም፣ ቁጥሩን ነው የሚቀይረው።

ደረጃ 7፦ ሲስተሙን የሸጠላችሁንም ፈትሹ

በታኅሣሥ 2020 ሌቦች ሶላርዊንድስ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ የሶፍትዌር ማሻሻያ መበከላቸው ሲወጣ እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች የተበከለውን ማሻሻያ ተቀብለው እንደነበር ታወቀ። የጫኑት ከሌባ አይደለም፣ ከገዙት ኩባንያ ነው። በሰኔ 2017 የተነሳው ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ቫይረስም መጀመሪያ የተሰራጨው በዩክሬን በሰፊው በሚሠራበት የሂሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ማሻሻያ አንጭንም» የሚል አለ። እሱ የባሰ ነው። አስቀድማችሁ በሙከራ ሲስተም ላይ ጫኑት፣ ከዚያ ወደ ዋናው አምጡት። አስቸኳይ የሆነውን ግን አታሳድሩ።

ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች፦ ከእናንተ ሠራተኞች የእኛን መረጃ ማየት የሚችለው ማነው? ብትጠቁ በስንት ሰዓት ውስጥ ትነግሩናላችሁ? ውላችን ቢያልቅ መረጃችንን በምን መልክ ትመልሱልናላችሁ? ሶፍትዌራችሁ የተሠራባቸው የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ዝርዝር አላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በታኅሣሥ 2021 ታይቷል። ያኔ ሎግፎርጄ የምትባል፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሶፍትዌር ውስጥ የተደበቀች አነስተኛ ፕሮግራም በአደገኝነቱ ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው ቀዳዳ ተገኘባት። ብዙ ድርጅቶች ቀኑን ያባከኑት ቀዳዳውን በመድፈን አልነበረም፤ «እኛ ጋ አለች ወይስ የለችም?» እያሉ በመፈለግ ነበር።

የአይኤስኦ 27001 (የመረጃ ደህንነት አያያዝ ደረጃ) ሰርተፊኬት ካሳዩአችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ወሰኑን አንብቡ። ሰርተፊኬቱ ለዋናው ቢሮ ተሰጥቶ የእናንተ መረጃ ያለበት የመረጃ ማዕከል ከወሰኑ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ሎጉን የሚያነብ ሰው መድቡ

ሎግ፣ ማለትም ማን መቼ ምን እንዳደረገ ሲስተሙ የሚይዘው መዝገብ፣ ሁሉም ጋ አለ። የሚያነበው የለም። ከተሰረቀ በኋላ ይከፈታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ምን እንደሚፈለግ ላሳያችሁ። ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ52፦ የአቅራቢ ሂሳብ ተቀየረ። 11 ሰዓት ከ58፦ ጸደቀ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከ10፦ ክፍያ ወጣ። ሰኞ 3 ሰዓት ከ40፦ የአቅራቢው ሂሳብ እንደገና ተቀየረ፣ ወደ ድሮው። አሁን መዝገቡን የሚከፍት ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ያያል። ምንም አልሆነም። ይህን የሚያጋልጠው ሎጉ «ተቀየረ» ብቻ ሳይሆን ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ ከመዘገበ ብቻ ነው። ሄዳችሁ አረጋግጡ። የሙከራ አቅራቢ ክፈቱ፣ ሂሳቡን ቀይሩ፣ መልሱት፣ ከዚያ ሎጉን አንብቡ። የድሮው ቁጥር የለም? ለሻጩ ደውሉ።

ማስጠንቀቂያ አታብዙ። በቀን ሁለት መቶ ከመጣ ሁሉንም መሰረዝ ይለመዳል። እኔ የምመርጣቸው እነዚህን ነው፦ በሰላሳ ቀን ውስጥ ሁለቴ የተቀየረ የባንክ ሂሳብ፣ የአቅራቢና የሠራተኛ የባንክ ሂሳብ ሲመሳሰል፣ ከማጽደቂያ ገደብ ትንሽ ዝቅ ብለው ለአንድ አቅራቢ በተከታታይ የወጡ ትዕዛዞች፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሰጠ የአድሚን ሥልጣን። ገደቡ 10,000 ሆኖ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ 9,800 ካያችሁ ቢያንስ ስልክ ያስደውላል።

ሎጉ የግዢ ሲስተሙ አድሚን በማይደርስበት ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ያነበበው ሰውም ይፈርምበት።

ደረጃ 9፦ ባክአፑን መልሳችሁ ሞክሩት

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አለን ይባላል፤ መቼ ሞከራችሁት ሲባል ዝም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። በዓመት ሁለቴ ከባክአፑ አውጥታችሁ ባዶ ማሽን ላይ መልሱት፣ አንድ የግዢ ትዕዛዝ ክፈቱበት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ። አንዱ ኮፒ ከኔትወርኩ ጋር ያልተገናኘ ይሁን፤ ፋይል ቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የተገናኘውን ሁሉ ይቆልፋልና።

ኖትፔትያ የመርከብ ኩባንያውን መርስክን ሲመታ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተተክሏል። የተጠቃሚዎች መዝገብ የሚቀመጥባቸው ሰርቨሮች አንዱ ላንዱ ባክአፕ እንዲሆኑ ታስበው ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። አንዱ ብቻ ተረፈ፣ ጋና ያለው። የተረፈው ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው።

ሲስተሙ ለሳምንት ቢቆም ግዢው በምን እንደሚቀጥል፣ በወረቀት ማን እንደሚፈርም፣ ያም አሁን ይወሰን።

ደረጃ 10፦ የተሳሳተ ክፍያ ከወጣ

መጀመሪያ ባንኩ ጋ ይደወላል። ስብሰባ አይጠራም፣ ጥፋተኛ አይፈለግም። ገንዘብ ወደ ሌላ ሂሳብ ለመሻገር ሰዓታት ይበቁታል፤ የመመለስ ተስፋውም በሰዓታት ነው የሚለካው። «ይህ ክፍያ ማጭበርበር ነው፣ ይታገድ፣ ተቀባዩ ባንክም ይነገረው» በሉ፤ ከዚያ በጽሑፍ አስከትሉ።

ቀጥሎ የሚወጡ ክፍያዎችን በሙሉ አቁሙ። አንድ ሂሳብ ከተቀየረ ሌላም ሊኖር ይችላል። የላኩላችሁን ኢሜይል አትሰርዙ፣ ለሌላ ሰው በፎርዋርድ ብቻ አታስተላልፉ፤ ዋናውን እንዳለ አስቀምጡት፣ ከየት እንደመጣ የሚናገረው የተደበቀ መረጃ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ንቀሉት እንጂ አታጥፉት። ሲጠፋ ሜሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። ለአቅራቢው በምታውቁት ስልክ ደውሉ፤ የተሰበረው የእነሱ ኢሜይል ከሆነ ሌሎች ደንበኞቻቸውም ተራ እየጠበቁ ነው። ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ መድን ካላችሁ መድን ድርጅቱ።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ማታ ማን ያደርጋል? ክፍያ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ስልኩ ከተዘጋ እቅድ የላችሁም። ሁለት ተተኪ ይኑሩት። የባንኩን የማጭበርበር መከላከያ ክፍል ስልክ፣ የሦስቱን ሰዎች ስልክና የሲስተም ሻጩን የአደጋ ጊዜ ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ከዚያ በወረቀት አትሙትና ፋይናንስ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ብዙ ድርጅት ይህን ዝርዝር አሳምሮ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠው ራሱ ሲስተሙ ውስጥ ነው።